አንዲት ድምፅ ያፈረሰችው ውል፦ የጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ጉዳይ በ1949

ሜይ 17 ቀን 1949 (በእኛ ግንቦት 9 ቀን 1941 ዓ.ም.) የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስቦ ነበር። የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው። ጣሊያን በጦርነቱ ያጣቻቸው ሊቢያ፣ ኤርትራና ሶማሊያ የማን ይሁኑ? የብሪታንያና የጣሊያን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች አስቀድመው ለንደን ላይ ተስማምተው ጨርሰዋል። አሜሪካም ደግፋለች። የቀረው ማጽደቅ ብቻ ይመስል ነበር። የሄይቲው ተወካይ ኤሚል ሳን-ሎ ግን ተቃወሙ። ውሉም በአንድ ድምፅ ጉድለት ወደቀ።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለነዚያ የመጀመሪያዎቹ የድኅረ ጦርነት ዓመታት ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ቀዝቃዛው ጦርነት ነው። በርሊን፣ አቶም ቦምብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ያን ጊዜ ሰዎች ስለ ዓለም ምን ያስቡ እንደነበር ከብዙ ንግግር በላይ ስለሚያሳይ ነው። እያንዳንዱ አገር ወደዚያ አዳራሽ የገባው የራሱን ቁስል ይዞ ነው። ስለ ነገው ዓለም ሲናገር የትናንቱን ይመልስ ነበር። ኢትዮጵያም እንደዚያው ነበረች። ለዚህም ነው ነገሩ እኛን አጥብቆ የሚነካው።

አራት ፈራጆች

ጣሊያን ስትሸነፍ ግዛቶቿን የተረከቡት በዋናነት እንግሊዞች ናቸው። ኤርትራንና ሶማሊያን በ1941 ያዙ። በ1943 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሊቢያ ባሕር ዳርቻ ሁሉ በእጃቸው ሆነ፤ በምዕራብ ትሪፖሊታኒያ፣ በምሥራቅ ሲሬናይካ። በረሃማውን ደቡብ፣ ፌዛንን፣ ፈረንሳዮች ያዙ።

የካቲት ወር ላይ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947፣ ፓሪስ ውስጥ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል ተፈረመ። በአንቀጽ 23 ጣሊያን በሦስቱም አገሮች ላይ ያላትን መብት ሁሉ ለቀቀች። ለማን እንደለቀቀች ግን ውሉ አልተናገረም። ነገሩ ለአራቱ ኃያላን፣ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለሶቪየት ኅብረትና ለፈረንሳይ ተተወ። ውሉ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ይሄዳል፤ የጉባኤውንም ውሳኔ ለመቀበል ቃል ገቡ። ይህን ቃል ሲገቡ ምን ያህል ትልቅ ነገር አሳልፈው እየሰጡ እንደነበር የገባቸው አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ በዚያ ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈርዶላታል። ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 በኋላ የተዘረፉ የሥነ ጥበብ ሥራዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋያትና መዛግብት ደግሞ በ18 ወር ውስጥ ይመለሱ ተብሎ ነበር። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ2005 ነው። አምሳ ስምንት ዓመት።

አራቱ ኃያላን ግን ገና በሴፕቴምበር 1945፣ ለንደን ላይ በተገናኙበት የመጀመሪያ ስብሰባ ነው የተለያዩት። የአሜሪካው ጄምስ በርንስ ግዛቶቹ በተባበሩት መንግሥታት የጋራ ሞግዚትነት ሥር ይሁኑ፣ ማለትም ራሳቸውን እስኪችሉ ድርጅቱ ያስተዳድራቸው አሉ። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ አዲሱ ድርጅት ዓለምን ያስተዳድራል የሚል ተስፋ ገና ትኩስ ነበር። የሶቪየቱ ሞሎቶቭ ደግሞ ትሪፖሊታኒያን ለአገራቸው በሞግዚትነት እንዲሰጧቸው ጠየቁ። አገራቸው ብዙ ብሔረሰቦችን የማስተዳደር ልምድ አላት፣ ለንግድ መርከቦቿም ሜዲትራኒያን ላይ ወደብ ያስፈልጋታል አሉ። የብሪታንያው ኧርነስት ቤቪን ይህን ሲሰሙ ክው አሉ። ሜዲትራኒያን ለእንግሊዝ ወደ ሕንድና ወደ ዘይት የሚወስድ የቤት ጓዳዋ መንገድ ነው። እዚያ ላይ ሩስያን ማየት በፍጹም የማይታሰብ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሞስኮን አቋም መከታተል ራስ ያዞራል። በ1945 ለራሷ ጠየቀች። ፌብሩዋሪ 1948 ላይ ሦስቱም ግዛቶች ለጣሊያን በሞግዚትነት ይመለሱ አለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤፕሪል 18 ቀን ጣሊያን ውስጥ ምርጫ አለ፤ ኮሚኒስቶቹ ሊያሸንፉ ይችላሉ። የጣሊያንን ሕዝብ ልብ ለመግዛት የሊቢያና የኤርትራ መሬት መደለያ ሆነ። ኮሚኒስቶቹ ተሸነፉ። ሴፕቴምበር ላይ ሶቪየቶች ሐሳባቸውን ቀየሩና የተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ይሻላል አሉ። ምዕራባውያኑም ከዚህ ነፃ አልነበሩም። በዚያ ምርጫ ሰሞን ሮምን ማስቀየም ማንም አልፈለገም። አስመራና ትሪፖሊ ውስጥ የሚኖር ሰው ዕጣው ኔፕልስ ውስጥ በሚቆጠር ድምፅ ይመዘን ነበር ማለት ነው።

የእንግሊዝ ሐሳብ ሌላ መልክ ነበረው። ግብፅ ወታደሮቿን እንድታስወጣ እየወተወተቻት ነው። ፍልስጤምን በሜይ 1948 ለቀቀች። ጦሩ የት ይረፍ? ሲሬናይካ ተስማሚ ሆና ታየች። እዚያ ደግሞ የቆየ ቃል ኪዳን አለ። አንቶኒ ኤደን በጃንዋሪ 1942 ለፓርላማው፣ ከእንግሊዝ ጎን የተዋጉት ሰኑሲዎች (የሲሬናይካ እስላማዊ ማኅበር ተከታዮች) በምንም ሁኔታ ዳግም በጣሊያን ሥር አይወድቁም ብለው ነበር። ስለዚህ ለእንግሊዝ ሲሬናይካ ላይ ክብርና ጥቅም በአንድ ላይ ገጠሙላት። ትሪፖሊታኒያ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም። ይህ ልዩነት ኋላ ትልቅ ጣጣ አመጣ።

ፈረንሳይ የምትፈራው ቱኒዝያንና አልጄሪያን ነው። ጎረቤት ያለች ዐረብ አገር ነፃ ከወጣች እሳቱ አጥሩን ይዘላል። ስለዚህ ፓሪስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጣሊያን ትመለስ አለች።

አሜሪካም እየዋለ እያደረ የበርንስን የጋራ ሞግዚትነት ሐሳብ ተወችው። ትሪፖሊ አጠገብ ትልቅ የአየር ማረፊያ ይዛለች። አስመራ ላይ ደግሞ ጣሊያኖች የተዉትን ራዲዮ ማሪና የተባለውን ጣቢያ ከ1943 ጀምሮ ትጠቀምበት ነበር። ኋላ ቃኘው ጣቢያ የተባለው ነው። ከ1947 ወዲህ ዋሽንግተን ውስጥ ካርታ የሚዘረጋው ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቦታ ሆነ።

ጣሊያን ምን ብላ ጠየቀች?

ብዙ የእኛ አንባቢ የጣሊያን ጥያቄ የፋሺስቶች ጥያቄ ይመስለዋል። አይደለም። ያን ጊዜ ሮም ላይ ያሉት የፋሺስት ጠላቶች የነበሩ ሰዎች ናቸው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ካርሎ ስፎርዛ በሙሶሊኒ ዘመን ስደት ላይ የቆዩ ሰው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ነበሩ «ቅድመ ፋሺስት ቅኝ ግዛቶቻችን ይመለሱ» የሚሉት።

ክርክራቸው እንዲህ ነው። ኢትዮጵያን የወረረው ሙሶሊኒ ነው፤ እሱን እንተወው። ኤርትራን ግን ከ1890 ጀምሮ፣ ሊቢያን ከ1911 ጦርነት ጀምሮ የያዘችው ነፃ የፓርላማ መንግሥት የነበራት ጣሊያን ናት። ሕዝባችን ብዙ ነው፣ ሥራ የለም፣ መሬት ያስፈልገናል። በዚያ ላይ አዲሱ ዲሞክራሲያችን በውርደት መጀመር የለበትም።

ይህን ሳነብ ሁሌም አንድ ነገር ይከብደኛል። ቅን የሆኑ፣ በፋሺስት እጅ የተሠቃዩ ሰዎች የሌላውን አገር የእኔ ነው ማለት ነውር መሆኑ አልታያቸውም። ጥፋት ለእነሱ የሙሶሊኒ ጥፋት ብቻ ነበር። ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ቅኝ ግዛት የአንድ መንግሥት ክብር መለኪያ መሆኑ ገና አልቀረም።

ኢትዮጵያ

ከኢትዮጵያ በኩል ነገሩን የያዙት አክሊሉ ሀብተወልድ ናቸው። በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ለእሳቸውም ሆነ ለንጉሠ ነገሥቱ የዚህ ጉዳይ መነሻ ጄኔቫ ነው። ጁን 30 ቀን 1936 ንጉሡ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው አቤት አሉ። ማኅበሩ ሰማ፤ ከዚያም ማዕቀቡን አነሳ። እና ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ስለ ዓለም ያሰበችው ሁሉ ከዚያ ቀን የተቀዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የኢትዮጵያ ክርክር ሦስት ክር ነበረው። አንደኛ፣ ኤርትራ በታሪክ፣ በቋንቋና በሃይማኖት አካሌ ናት። ሁለተኛ፣ የባሕር በር ያስፈልገኛል። ሦስተኛው ደግሞ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ነበር፤ ጠላት በ1895ም በ1935ም የመጣብኝ በኤርትራ በኩል ነው፣ በ1935 ደግሞ በሶማሊያም ጭምር። በሩን ለዚያው ሰው መልሳችሁ አትስጡት።

ኤርትራ ውስጥ ራሱ ግን ሰው አንድ ልብ አልነበረም። ማኅበር ፍቅሪ ሀገር ተብሎ የጀመረው የአንድነት ፓርቲ ከኢትዮጵያ ጋር መቀላቀልን ይሻል። በኢብራሂም ሱልጣን የሚመራው ሙስሊም ሊግ ነፃነትን ይላል። ጥቂት ጣሊያንን የሚደግፉም ነበሩ። ይህን ማለት ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ በኩል ሲተረክ አንዱ ወገን፣ ከሌላው በኩል ሲተረክ ሌላው ወገን ብቻ ሕዝብ ተብሎ ይነገራልና።

ጠይቀው ያልሰሙት

አራቱ ኃያላን መርማሪ ኮሚሽን ላኩ። ከኖቬምበር 1947 እስከ ሜይ 1948 ድረስ መጀመሪያ ኤርትራን፣ ከዚያ ሶማሊያን፣ በመጨረሻ ሊቢያን ዞረ። የጎሣና የመንደር ተወካዮችን እየጠራ ምን ትሻላችሁ ብሎ ጠየቀ።

መጠየቁ በራሱ አዲስ ነገር ነው። በ1890ዎቹ ማንም የጠየቀ የለም። ነገር ግን ጥያቄው መሬት ላይ እሳት ጫረ። ሞቃዲሾ ውስጥ ጃንዋሪ 11 ቀን 1948፣ ኮሚሽኑ እዚያው ከተማ ውስጥ እያለ፣ በነፃነት ደጋፊዎችና በጣሊያን ደጋፊዎች መካከል ረብሻ ተነሳ። ከ50 በላይ ጣሊያኖችና 14 ሶማሊያውያን ሞቱ። ከተማዋን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ ጦር ነው።

ሊቢያ ላይ ኮሚሽኑ የሰማው መልስ ግልጽ ነበር። ሕዝቡ ነፃነት ይፈልጋል፤ ጣሊያን እንድትመለስ አይፈልግም። አራቱም ይህን መዘገቡ። ከዚያም አገሩ ደሃ ነው፣ ለነፃነት ገና አልደረሰም ብለው ጨመሩበት። «ገና አልደረሰም» የምትለው ነገር የዚያን ዘመን አስተሳሰብ ልክ እንደ መስታወት ታሳያለች። ማንም በአደባባይ ለዘላለም ይገዙ አይልም። ሁሉም የሚከራከረው ስንት ዓመት በሚለው ላይ ነው። አምስት? አሥር? ከዚያስ ሞግዚቱ ማን ይሁን?

የአንድ ዓመቱ ቀነ ገደብ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1948 አለቀ። ኃያላኑ አልተስማሙም። ፋይሉ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሄደ።

ለንደን ላይ የታሰረው ጥቅል

የ1949 ጸደይ ስብሰባ ሲጀመር አንድ ነገር ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ከ58 አባል አገሮች 20ዎቹ የላቲን አሜሪካ ናቸው። አርጀንቲናና ብራዚልን የመሰሉት በሚሊዮን የሚቆጠር የጣሊያን ስደተኛ ልጅ ያለባቸው አገሮች ናቸው። እነሱ ጣሊያንን ይደግፋሉ። ለአስፈላጊ ውሳኔ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚጠየቅ 20ዎቹ ከተባበሩ የሌላውን ሐሳብ ሁሉ ማገድ ይችላሉ። ስለዚህ እንግሊዝ የምትፈልገውን ለማግኘት በሮም በኩል ማለፍ ነበረባት። ጣሊያን ያን ጊዜ የድርጅቱ አባል እንኳ አልነበረችም፤ የገባችው በ1955 ነው።

ቤቪንና ስፎርዛ ሜይ መጀመሪያ ላይ ለንደን ውስጥ ተቀመጡና ተስማሙ። ሊቢያ ከአሥር ዓመት በኋላ ነፃ ትወጣለች፤ እስከዚያው ሦስት ቦታ ትከፈላለች። ሲሬናይካ ለብሪታንያ፣ ፌዛን ለፈረንሳይ፣ ትሪፖሊታኒያ ከ1951 መጨረሻ ጀምሮ ለጣሊያን፣ ሁሉም በሞግዚትነት። ሶማሊያ በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር። ኤርትራ ከምዕራቡ ቆላ በቀር ለኢትዮጵያ፤ ምዕራቡ ለሱዳን።

ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ደረሰው። ችግሩ መሬቱ ላይ የሚኖሩትን ያማከረ የለም። ዜናው እንደተሰማ ትሪፖሊ ውስጥ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሱቅ ተዘጋ፣ ሥራ ቆመ። ኒው ዮርክ ያሉት የሊቢያ ተወካዮች፣ ከእነሱም በሺር አስሰዕዳዊ፣ አንድ በአንድ የልዑካንን በር ማንኳኳት ጀመሩ። ኢብራሂም ሱልጣንም እዚያው ነበሩ፤ ኤርትራ አትከፈል ብለው ለኮሚቴው ተናገሩ።

ስብሰባው የሚካሄድበትን ቦታ ማወቅ ደስ ይላል። ማንሃተን ላይ ያለው ረጅም ሕንፃ ገና አልተሠራም። ኮሚቴዎቹ ሌክ ሰክሰስ በምትባል ቦታ፣ በጦርነቱ ጊዜ የጦር መሣሪያ አካላት ይመረቱበት በነበረ ፋብሪካ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ጠቅላላ ጉባኤው ደግሞ ፍላሺንግ ሜዶ ላይ፣ ለ1939 የዓለም ትርዒት የተሠራና ኋላ የበረዶ መንሸራተቻ የሆነ ሕንፃ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የሦስት የአፍሪካ አገሮች ዕጣ የተቆረጠው እዚያ ነው። በዚያ ጊዜ ከአፍሪካ የድርጅቱ አባል የነበሩት አራት ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ። ደቡብ አፍሪካን ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት ሥልጣን የያዘው የአፓርታይድ መንግሥት ነው የሚወክላት።

ድምፁ

በኮሚቴው ከግማሽ በላይ ድምፅ ይበቃ ስለነበር ውሉ ሜይ 13 ቀን አለፈ። በጠቅላላ ጉባኤው ግን ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል። ድምፀ ተዓቅቦ አይቆጠርም። ደግሞም ድምፅ የሚሰጠው አንቀጽ በአንቀጽ ነው። ጥቅሉን ያሰሩት ሰዎች አንድ ላይ ይዋጣል ብለው ነበር። ጉባኤው ግን ቁርጥራጭ አድርጎ ነው የበላው።

ትሪፖሊታኒያ በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር ትሁን በሚለው አንቀጽ ላይ 33 ደገፉ፣ 17 ተቃወሙ፣ 8 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ።

ሒሳቡን ቀስ ብለን እንየው። ድምፅ የሰጡት 50 ናቸው። ሁለት ሦስተኛው 33 ከሲሶ ነው። ስለዚህ 34 ያስፈልጋል። አንድ ጎደለ። ሳን-ሎ ከላቲን አሜሪካ ጓዶቻቸው ተለይተው ተቃወሙ። ቢደግፉ ኖሮ 34 ለ16 ሆኖ ያልፍ ነበር። ከዚህ የሚገርመው፣ ዝም ብለው ድምፀ ተዓቅቦ ቢያደርጉ እንኳ 33 ለ16 ሆኖ ያልፍ ነበር። ከ49 ድምፅ 33ቱ በቂ ነውና። አንድ ተወካይ ሳይወድ ተጎትቶ የሚሰጠው ድምፅ አይደለም ይህ። ውጤት የሚያመጣው ግልጽ ተቃውሞ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ግልጽ ተቃውሞ ሰጡ።

ሶማሊያን ለጣሊያን የሚሰጠውም አንቀጽ ሁለት ሦስተኛ አጥቶ ወደቀ። የኤርትራው ግን አለፈ። ምዕራቡ ሲቀር ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር ትቀላቀል በሚለው ላይ 37 ደገፉ፣ 11 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ለጥቂት ጊዜ ኢትዮጵያ በእጇ የገባ መሰለ።

ከዚያ የቀረው የውሳኔ ሐሳብ በሙሉ ለድምፅ ቀረበ። የላቲን አሜሪካ አገሮች ዞሩ። ጣሊያን ምንም ካላገኘች እንግሊዝም ኢትዮጵያም አያገኙም አሉ። ደጋፊ 14፣ ተቃዋሚ 37፣ ድምፀ ተዓቅቦ 7። ሁሉም ነገር ወደቀ። የኤርትራው አንቀጽም አብሮ ሄደ።

ሄይቲ ለምን?

ሳን-ሎ ማን ናቸው? ከአምስት ወር በፊት፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1948፣ ፓሪስ ላይ ሁለንተናዊው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲጸድቅ የሦስተኛው ኮሚቴ ዘጋቢ ሆነው ሰነዱን ለጉባኤው ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። አገራቸው ደግሞ ባሮች ተነስተው በ1804 ያቋቋሟት ሪፐብሊክ ናት። ከ1915 እስከ 1934 የአሜሪካ ወታደር ተቀምጦባታል። ሞግዚት የሚባለው ነገር ሄይቲ ውስጥ የወረቀት ሐሳብ አልነበረም፤ አባቶቻቸውና እነሱ ራሳቸው የኖሩበት ነው።

ሄይቲ በ1935 የት ነበረች? ጄኔቫ ላይ ተወካይዋ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነስተው ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ እያንዳንዳችን አንድ ቀን የአንዱ ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ ብለው ነበር። በዚያ ቀን እንዲህ በግልጽ የተናገረልን ጥቂት ነው።

እንግዲህ በ1935 ለኢትዮጵያ የቆመችው ሄይቲ በ1949 የሰጠችው ድምፅ ኢትዮጵያ ያገኘችውን አንቀጽ ይዞ ወደቀ። ይህን አንዳንድ ሰው ክህደት አድርጎ ሊያየው ይችላል። እኔ በፍጹም አይመስለኝም። ሁለቱም ጊዜ ሄይቲ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ ጣሊያን በአፍሪካ ምድር ላይ ገዢ ሆና አትምጣ። ኢትዮጵያም ይህንኑ ትል ነበር። ልዩነቱ ኢትዮጵያ ከዚያ ጥቅል ውስጥ የራሷ ድርሻ ነበራት። ጥቅሉን ያሰሩት ሰዎች የኢትዮጵያን የደህንነት ጥያቄና የጣሊያንን መመለስ በአንድ ገመድ ጠፍረው አስቀመጡት። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ትናንሽ አገሮች ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰጡ ቀላል አልነበረም። በኖቬምበር 1947 በፍልስጤም ክፍፍል ድምፅ ላይ ራሷ ሄይቲ ከዋሽንግተን ግፊት መጥቶባት አቋሟን ቀይራለች። ስለዚህ በ1949 የሆነው ዝም ብሎ የሆነ አይደለም። ትልልቆቹ አንድ ውል ሲያስሩ ትንሹ ከኋላ ይከተላል የሚል ልማድ ነበር። ያን ልማድ በዚህ መጠን የሰበረው ድምፅ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ነገሮች በፍጥነት ተለወጡ። ጁን 1 ቀን የሰኑሲዎቹ መሪ ሰይድ ኢድሪስ ሲሬናይካ ነፃ ናት ብለው አወጁ። ኤርትራ ውስጥ ሙስሊም ሊግና ሌሎች ፓርቲዎች ተሰባስበው የነፃነት ቡድን አቋቋሙ፤ የክፍፍሉ ሐሳብ ነው ያሰባሰባቸው። ስፎርዛም አቅጣጫ ቀየሩ። መመለስ ካልተቻለ ነፃነትን እንደግፍ አሉና፣ በመከር ወራት ለሊቢያም ለኤርትራም ነፃነት ቆሙ። አዲስ አበባ ይህን በበጎ አላየችውም። አስመራ ውስጥ ብዙ ጣሊያናዊ ነዋሪ አለ፤ ነፃነት የተባለው ነገር የሮም ሌላ በር እንዳይሆን ተፈራ። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ግን ደግሞ ነፃነት የሚጠይቀውን ኤርትራዊ ሁሉ የጣሊያን አሻንጉሊት አድርጎ ማየት የተጀመረው ከዚያ ሰሞን ነው፤ ይህ ለኋላው ጊዜ ብዙ ጉዳት አድርሷል ብዬ አምናለሁ።

ኖቬምበር 21 ቀን 1949 ጉባኤው እንደገና ወሰነ። ሊቢያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1952 በፊት ነፃ ትውጣ። ሶማሊያ ለአሥር ዓመት በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር ሆና ከዚያ ነፃ ትውጣ። ለኤርትራ የበርማ፣ የጓቲማላ፣ የኖርዌይ፣ የፓኪስታንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ያሉበት ኮሚሽን ይሂድ። ድጋፍ 48፣ ተቃውሞ 1፣ ድምፀ ተዓቅቦ 9።

ያቺ አንዲት ተቃውሞ የኢትዮጵያ ናት። ከሞላ ጎደል ዓለም ሁሉ በተስማማበት ነገር ላይ ብቻዋን ቆመች። ምክንያቷ ሶማሊያ ነው። ጣሊያን ወደ ኦጋዴን ወሰን ልትመለስ ነው፤ በ1934 የወልወል ግጭት የተጀመረው እዚያ ነው። ሌላው ጉባኤተኛ አሥር ዓመት አጭር ነው፣ የተባበሩት መንግሥታት ይቆጣጠራል ብሎ ያስባል። ኢትዮጵያ ደግሞ ማኅበር ሲቆጣጠር አይታለች። ያን ድምፅ እንደ ግትርነት የሚያነብ ሰው 1936ን ረስቷል።

ሆኖም እዚህ ላይ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። ኢትዮጵያ ያን ሁሉ አይታም ከድርጅቱ አልራቀችም። እንዲያውም በ1951 የቃኘው ሻለቃን ወደ ኮሪያ ላከች። ንጉሡ ሲያስቡት፣ በ1936 ለእኛ ያልተደረገው ለሌላው ቢደረግ ነገ ለእኛም ይደረጋል ነው። የኮሪያ ጦርነት የእኛ አልነበረም ለሚል ሰው መልሱ ያለው በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ነው።

ሊቢያ በተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር በሆላንዳዊው አድሪያን ፔልት አማካይነት ሕገ መንግሥት አርቅቃ ዲሴምበር 24 ቀን 1951 ነፃ ሆነች። ያን ጊዜ ከዓለም እጅግ ደሃ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነበረች፤ የመጀመሪያው ትልቅ የዘይት ጉድጓድ የተገኘው በ1959 ነው። ገና አልደረሰችም የተባለችው አገር በለንደኑ ውል የታሰበው አሥር ዓመት በሚያልቅበት ዓመት ዘይት አገኘች። ሶማሊያ ጁላይ 1 ቀን 1960 ነፃ ወጣች።

ኤርትራን በተመለከተ አምስቱ የኮሚሽን አባላትም እርስ በርስ አልተስማሙም። በመጨረሻ ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ጉባኤው ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን ትኑር ብሎ በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ወሰነ። ፌዴሬሽን ብሎ የመጣ ዋና ፓርቲ ግን አልነበረም። አንዱ አንድነት፣ ሌላው ነፃነት ነበር የጠየቀው። ኒው ዮርክ ላይ ሁለቱን የሚያስታርቅ መስሎ ታየ። በ1952 ሥራ ላይ ዋለ፣ በ1962 ፈረሰ፤ ከ1961 እስከ 1991 ደግሞ ሠላሳ ዓመት ጦርነት። አራቱ ኃያላን፣ ከዚያም የጉባኤው አባላት ይህን ያህል ሲከራከሩበት የኤርትራ ሕዝብ ስለ አገሩ ዕጣ በድምፅ መስጫ ወረቀት አልተጠየቀም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀው በኤፕሪል 1993 ነው።